ድምፁ የት ሄደ?

ታላቅ ወንድሜ ማየት ካቆመ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ግላኮማ ነው። እኔ ጋሼ ነው የምለው፤ በዕድሜ በአሥራ ሁለት ዓመት ይበልጠኛል። ከዓይኑ በላይ የሚያናድደው ስለ ዓይኑ የሚጠይቀው ሰው ስለሆነ በዚህ ላይ ብዙ አልጽፍም። የምጽፈው ስለ ድምፅ ነው። በትክክል ለመናገር፣ እኔ ራሴ በአንዲት ክሊክ የእሱን ኮምፒውተር እንዴት እንዳጨለምኩበት ነው የምጽፈው።

ጋሼ የሚተዳደረው የተቀዳ ድምፅ እየሰማ ወደ ጽሑፍ በመገልበጥ ነው። ጥናት የሚሠሩ ሰዎች ገጠር ሄደው ቃለ መጠይቅ ይቀዳሉ፤ እሱ ሰምቶ ቃል በቃል ይጽፋል። የሚከፈለው በደቂቃ ነው። በሠራበት ደቂቃ ሳይሆን በቅጂው ደቂቃ። የአንድ ሰዓት ቅጂ ስድስት ሰዓት ከፈጀበት ኪሳራው የራሱ ነው።

አንዱ ደንበኛ ቅጂዎቹ ከእጄ እንዳይወጡ ብሎ የራሱን ዊንዶውስ ዴስክቶፕ ቤቱ ድረስ አምጥቶ ተከለለት። ቅጂው የሚከፈተው እዚያ ላይ ብቻ ነው። በእግር የሚረገጥ ፔዳል አለው፤ ሲረግጠው ይናገራል፣ ሲለቀው ዝም ይላል። ጋሼ የሚጽፈው ግን በራሱ ላፕቶፕ፣ በሊኑክስ ነው። ኦርካ የሚባለው ስክሪን ሪደር የጻፈውን ያነብለታል። ላፕቶፑ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ነው፤ በርካሽ ያገኘውም ለዚያ ነው። ሻጩ «ስክሪኑ ግን አይሠራም» ሲለው «እኔስ መቼ አየሁት?» ብሎ ሌላ ቅናሽ አስደረገ።

እንግዲህ ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ጥንድ ጆሮ። ግራ ጆሮው ውስጥ ከላፕቶፑ የምትመጣ ትንሽ የስልክ ማዳመጫ ይከታል፤ ከላይ ደግሞ ከዴስክቶፑ የሚመጣውን ትልቅ ሄድፎን ግማሹን ወደ ኋላ ገፍቶ ያጠልቃል። ገመዶቹ አንገቱ ላይ ይጠላለፋሉ። ቡና ደረሰ ተብሎ ሲነሳ አንዱ ይጎትተዋል። አንድ ቀን እንዲህ ሆኖ አይቼው ሳቄ መጣ። «ምን ያስቅሃል? ሁለቱን ወደ አንድ አምጣልኝ እንጂ» አለኝ። የኮሌጅ ክፍያዬን የከፈለው እሱ ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሬ እሱን ካላደረግኩለት ምን ልሠራ ነው የተማርኩት?

ኮሜንት ላይ «አንዲት ትንሽ ሚክሰር ገዝተህ ሁለት ገመድ አትሰካም ነበር?» የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ልክ ናችሁ። እሱን ሳላስብ ቀርቼ አይደለም። በሶፍትዌር ልሠራው የምችለውን ነገር በዕቃ መፍታት ሽንፈት መስሎኝ ነው።

ለማያውቁት ትንሽ ላስረዳ። ድሮ ሊኑክስ ላይ አንድ ፕሮግራም የድምፅ ካርዱን ከያዘ ሌላው መጠበቅ ነበረበት። ሙዚቃ እየሰማህ ሌላ ፕሮግራም ድምፅ ላሰማ ሲል «ዕቃው ተይዟል» ይባላል። ሳውንድ ሰርቨር የመጣው ይህን ሊፈታ ነው። የታክሲ ረዳት በሉት። ፕሮግራሞቹ ተሳፋሪዎች፣ የድምፅ ካርዱ ሚኒባስ። ረዳት ባይኖር ቀድሞ የገባው በሩን ዘግቶ ብቻውን ይሄዳል። ረዳቱ ግን ሁሉንም ይጭናል፣ ያጠጋጋል፣ «አንተ ወደ ግራ ጠጋ በል» ይላል፤ ሲያሻውም አንዱን አውርዶ ሌላ ታክሲ ላይ ያሳፍረዋል።

ፑልስኦዲዮ የሚባለውን ረዳት ሌናርት ፖተሪንግ እ.ኤ.አ. በ2004 ጀመረው። በ2007 መጨረሻ ፌዶራ፣ በ2008 ደግሞ ኡቡንቱ ከሲስተማቸው ጋር ሲያመጡት ያልረገመው አልነበረም፤ ድምፅ ይቆራረጣል፣ ይጠፋል፣ ይዘገያል። እኔም ረግሜዋለሁ። አሁን ቦታውን የወሰደው ዊም ታይማንስ የጀመረው ፓይፕዋየር ነው፤ ፌዶራ በ2021፣ ኡቡንቱ በ2022 ወደ እሱ ተሻገሩ። የፓይፕዋየር ብልሃቱ የፑልስኦዲዮንም፣ ሙዚቃ የሚቀርጹ ሰዎች የሚወዱትን የጃክንም ቋንቋ አብሮ መናገሩ ነው፤ አሮጌዎቹ ፕሮግራሞች ረዳቱ እንደተቀየረ እንኳ ሳያውቁ ይሳፈራሉ።

ዊንዶውስም ማክም የየራሳቸው ረዳት አላቸው፤ ግን ብዙ ወሬ አይወዱም። ዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የየራሱን የድምፅ መጠን ሰጠ። የትኛው ፕሮግራም በየትኛው ማዳመጫ ይውጣ የሚለውን ከሴቲንግ ለመምረጥ ግን እስከ 2018ቱ የዊንዶውስ 10 አፕዴት መጠበቅ ነበረብን። ማክ ላይ የአንዱን ፕሮግራም ድምፅ ወደ ሌላው ለማስገባት ብላክሆልን የመሰለ ነገር መጫን የተለመደ ነው። ፑልስኦዲዮ በአንጻሩ ድምፅን በኔትወርክ ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ይልካል። ተሳፋሪው እዚህ ይሳፈራል፣ ጎረቤት ቤት ይወርዳል። እኔን ያጓጓኝ ይሄ ነው።

የመጀመሪያው ሙከራዬ ቀላል ነበር። ትልቁ ሄድፎን ዴስክቶፑ ላይ ስለሆነ ላፕቶፑ ድምፁን ወደዚያ ይላክ አልኩ። ለዊንዶውስ የተዘጋጀ የቆየ የፑልስኦዲዮ ቅጂ አለ። በደንበኛው ፈቃድ እሱን አስነሳሁ፣ 4713 በተባለው ፖርት ላይ እንዲጠብቅ አደረግኩ፣ ላፕቶፑን «ድምፅህን ወደዚህ አድራሻ ላክ» አልኩት። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። የሊኑክሱ ኦርካ ከዊንዶውሱ ውስጥ ተናገረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ይህን ነገር የሚያስተምሩ ብዙ ጽሑፎች «ለማንም ክፈተው» ብለው ያልፋሉ። ለማንም ከፈትከው ማለት በዚያ ኔትወርክ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ኮምፒውተርህ ላይ ድምፅ ማሰማት ብቻ ሳይሆን ማይክራፎንህንም ማዳመጥ ይችላል ማለት ነው። ጋሼ የሚጠቀመው የአከራዩን ዋይፋይ ነው፤ የግቢው ተከራይ በሙሉ እዚያው ላይ ነው። የአንድ ኮምፒውተር አድራሻ ብቻ ጽፎ ለሌላው መዝጋት ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው።

ጋሼ ሄድፎኑን አጠለቀና መጻፍ ጀመረ። ሦስት መስመር ሳይጽፍ አወለቀው።

«ይሄ ድሮ አሜሪካ ስንደውል እንደነበረው ነው» አለኝ። «ሃሎ ትላለህ፣ ዝም ይላል፣ እንደገና ሃሎ ስትል የመጀመሪያው ሃሎ መልሱ ይመጣል።»

ስሌቱን ሠራሁ። ያልታመቀ ስቴሪዮ ድምፅ በሰከንድ 48,000 ናሙና፣ ሁለት ቻናል፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ባይት፤ በሰከንድ 192,000 ባይት። አንድ ተኩል ሜጋቢት ገደማ ነው፤ ለዋይፋይ ምንም አይደለም። ችግሩ መጠኑ ሳይሆን ጊዜው ነው። ተቀባዩ ድምፁ እንዳይቆራረጥበት ጥቂት ያጠራቅማል። 1,024 ናሙና ቢያጠራቅም 21 ሚሊሰከንድ ነው፤ ጆሮ ይታገሠዋል። የዋይፋይ አመጣጥ ግን ወጣ ገባ ነው፤ አንዴ ቶሎ፣ አንዴ ቆይቶ። ስለዚህ የዚህን ብዙ እጥፍ ማጠራቀም ግድ ይሆናል። ፊልም ለሚያይ ሰው ይሄ ምንም ላይሆን ይችላል። ፊደል ነክቶ የትኛውን እንደነካ በድምፅ ለሚያውቅ ሰው ግን ጣቱና ጆሮው ተለያዩ ማለት ነው። እናንተ የምትጽፉት ፊደል ስክሪን ላይ ከግማሽ ሰከንድ በኋላ ቢመጣ ስንት ቀን ትታገሣላችሁ?

ሁለት ሳምንት ቁጥር ስቀንስ ስጨምር ከረምኩ። ስቀንሰው ይቆራረጣል፣ ስጨምረው ይዘገያል። በመጨረሻ መፍትሔውን የሰጠኝ ጋሼ ነው፤ እሱም ስለ ኮምፒውተር ሳይሆን ስለ ሥራው እያወራ። «ሰውዬው ቆይቶ ቢናገር ምን ቸገረኝ?» አለ። «እሱ እንደሆነ ገጠር ተቀምጦ ካወራ ወር አልፎታል። የማይቆየኝ የራሴ ፊደል ነው።»

እኔ የትኛው ድምፅ መጠበቅ እንደሚችል ሳልጠይቅ ነበር የላክሁት። መዘግየት የማይችለውን ድምፅ በኔትወርክ አዙሬ፣ መዘግየት የሚችለውን ቤቱ አስቀምጬው ኖሯል። አቅጣጫውን ገለበጥኩት። ሄድፎኑ ላፕቶፑ ላይ ተሰካ፣ ኦርካ ሳይጓዝ እዚያው ተናገረ፣ የሚጓዘው የዊንዶውሱ ቅጂ ሆነ። ለዚህ ስክሪም የሚባል ነገር አለ። ዊንዶውሱ ላይ የሌለ ድምፅ ካርድ አስመስሎ ይፈጥራል፤ ወደ እሱ የገባውን ድምፅ ሁሉ በኔትወርክ ይልካል፤ ሊኑክሱ ላይ ያለው ተቀባይ ለሳውንድ ሰርቨሩ ያስረክባል። ስሙ ጩኸት ማለት ነው፤ በልማዱም ኔትወርኩ ላይ ላለ ሁሉ ነው የሚጮኸው። የሰው ምስጢር ያለበት ቅጂ ስለሆነ ወደ አንድ አድራሻ ብቻ እንዲልክ አድርጌ፣ ሁለቱን ኮምፒውተሮች ዋይፋዩን ትቼ በቀጥታ በኔትወርክ ገመድ አገናኘኋቸው። መቆራረጡም በዚያው ቆመ።

ከዚያ ሳውንድ ሰርቨሩን ኦርካን በግራ ጆሮ፣ ቅጂውን በቀኝ ጆሮ ብቻ አውጣ አልኩት። ይሄንን የጠየቀኝ ጋሼ ነው። ሁለቱን በአንዴ እሰማለሁ ብሎ አይደለም። እንዲያውም ማንም አይችልም፤ ኮሊን ቼሪ የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1953 ባወጣው ጥናት በአንድ ጆሮ የሚሰሙትን እየተከተሉ እንዲደግሙ የተደረጉ ሰዎች በሌላው ጆሮ የተባለውን ምን እንደሆነ መናገር አልቻሉም። የወንዱ ድምፅ ወደ ሴት ሲለወጥ ግን ልብ ብለዋል። ጋሼም የፈለገው ማን እንደተናገረ ሳያስብ እንዲያውቅ ነው። ከግራ የመጣው የራሱ ጽሑፍ ነው፤ ከቀኝ የመጣው ሰውዬው።

የኦርካን አማርኛ የምትሰጠው ኢስፒክ የምትባለው ነፃ ድምፅ ናት። እንደ ቆርቆሮ ትንኳኳለች። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ስለማይለይ እሷም አትለይም፤ «ገና» ስትል በዓሉ ይሁን ያልደረሰው ነገር ይሁን ከአገባቡ ነው የምትረዳው። ጋሼ ግን ለምዷታል። እኔ ቃል መለየት በማልችልበት ፍጥነት ነው የሚሰማት።

አሁን ወደ ጥፋቴ።

ስክሪኑ የተሰበረ ላፕቶፕ ላይ ለመሥራት የራሴን ሞኒተር ይዤ ሄጄ በኤችዲኤምአይ ገመድ ሰክቼው ነበር። የመጨረሻውን ማስተካከያ ያደረግኩት አንድ ረቡዕ እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ጋሼ ተኝቷል። እንዳልቀሰቅሰው ብዬ የራሴን ማዳመጫ ሞኒተሩ ጀርባ ያለው ቀዳዳ ላይ ሰካሁና የላፕቶፑን ዋና የድምፅ መውጫ ወደ ሞኒተሩ ቀየርኩ። ሞከርኩ፤ ሁሉም ይሠራል። ደስ አለኝ። ማዳመጫዬን ነቅዬ ኪሴ ከተትኩ፣ በራይድ ጀሞ ገባሁ፣ ተኛሁ። ሞኒተሩ ስፒከር የለውም።

ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ።

«ኮምፒውተሩ ሞተ» አለኝ። ድምፁ የተረጋጋ ነበር፤ ጋሼ ሲጨንቀው ነው እንደዚያ የሚሆነው። ከአንድ ቅጂ አርባ ደቂቃ ቀርቶታል፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መላክ አለበት። ዊንዶውሱ ላይ እንዳይጽፍ አማርኛ የሚያነብለት ነገር አልተጫነበትም።

«አልሞተም፣ ድምፁ ነው የጠፋው» አልኩት።

«ለእኔ ልዩነቱ ምንድን ነው?»

በስልክ ልመራው ሞከርኩ። ተርሚናል ክፈት፣ ይህን ጻፍ። ድምፅ ካርዱ በሊኑክስ ቋንቋ ያለው ስም ግን የመኪና ሻንሲ ቁጥር ነው የሚመስለው፤ አልሳ፣ የግርጌ ሰረዝ፣ አውትፑት፣ ነጥብ፣ ፒሲአይ፣ ሰረዝ፣ ዜሮ ዜሮ ዜሮ ዜሮ። አንዲት ፊደል ከተሳሳተ አይሰማም፤ መሳሳቱን የሚነግረው ድምፅ ደግሞ ራሱ የጠፋው ነው። ሦስት ጊዜ ጻፈ፤ ሦስቴም ዝም። በመሀል እየተነጫነጨ «ያንተ ቴሌቪዥንም እዚህ ጠረጴዛውን ይዞብኛል» አለ። ሰምቼዋለሁ። ገብቶኝ ግን አልነበረም። ያኔ «ገመዱን ንቀለው» ብለው ኖሮ ሞኒተሩ ሲጠፋ ሳውንድ ሰርቨሩ ራሱ ወደ ቀረው መውጫ፣ ወደ ላፕቶፑ፣ ይመለስ ነበር። አንዲት ገመድ።

ከጀሞ ኮተቤ በጠዋት ታክሲ ምን ያህል እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ስደርስ ሁለት ሰዓት ተኩል አልፏል። ጋሼ ሄድፎኑን እንዳጠለቀ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጧል፣ እጁ ኪቦርዱ ላይ። ሞኒተሩ ላይ የሦስቱ ሙከራዎች ስህተት በግልጽ ተጽፎ ይታያል፤ በክፍሉ ውስጥ ሊያነበው የሚችል ሰው አልነበረም እንጂ። ገመዱን ነቀልኩ። «አንድ ነገር ንካ» አልኩት። ነካ። ያቺ የቆርቆሮ ድምፅ «ሀ» አለች።

ጋሼ ትንሽ ዝም ብሎ «ገመድ ነው?» አለኝ።

ሥራው የተላከው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ደንበኛው ምንም አላለም፤ የሚቀጥለውን ዙር ግን ለሌላ ሰው ሰጠ። ይህን ያወቅኩት ከወር በኋላ ከባለቤቱ ነው። እሱ አልነገረኝም።

ከዚያ ወዲህ የሚያብሰለስለኝ አንድ ነገር ነው። ዊንዶውስ ላይ የስክሪን መጠን ስትቀይሩ «ይህ ይቆይ?» ብሎ ይጠይቃችኋል፤ በ15 ሰከንድ ውስጥ ካልመለሳችሁ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ለምን? ቅያሪው ስክሪኑን ካጠፋው ጥያቄውን ማየት ስለማትችሉ። ዝምታችሁ «አላየሁም» የሚል መልስ ተደርጎ ይቆጠራል። ይህን ያሰበ ሰው ብልህ ነው። የድምፅ መውጫ ስትቀይሩ ግን ማንም አይጠይቃችሁም። ሊኑክስም፣ ዊንዶውስም፣ ማክም። ሞኒተሩ በገመዱ «ድምፅ እቀበላለሁ» ብሎ ይናገራል፤ ሰርቨሩ ያምነዋል፤ ድምፁን ያለ ስህተት ያደርሰዋል፤ ሥራው በሚገባ ተሠራ። ድምፁ ከዚያ ወዲያ ጆሮ ማግኘት አለማግኘቱን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ታዲያ መጠየቅ ነበረበት። ስክሪንን እንደ ዋና፣ ድምፅን እንደ ማጀቢያ የሚያዩ ሰዎች ስለሠሩት ነው ያልጠየቀው። እኔም ያን ሌሊት ከእነሱ አንዱ ነበርኩ። ከማንም በላይ ማወቅ የነበረብኝ ሰው ሆኜ ሳለ ድምፅን እንደ ማጀቢያ ቀይሬ፣ ሳላረጋግጥ፣ በሩን ዘግቼ ወጣሁ።

ስለዚህ አንዲት ትንሽ ስክሪፕት ጻፍኩ፤ ሠላሳ መስመር አትሞላም። የድምፅ መውጫው በማንኛውም ምክንያት ሲቀየር በአዲሱ መውጫ በኩል «ትሰማለህ?» ብላ ትጠይቃለች። በ15 ሰከንድ ውስጥ አንዲት የተመደበች ቁልፍ ካልተነካች ሁሉን ነገር ወደ ላፕቶፑ የራሱ ስፒከር ትመልሳለች። ላፕቶፑ በተነሳ ቁጥርም ትጠይቃለች። ሌላዋ ቁልፍ ደግሞ ሳትጠይቅ ወዲያው ወደ ስፒከሩ የምትመልስ ናት፤ ጋሼ በጣቱ እንዲያገኛት አንዲት ጠብታ ኮላ አድርጌባታለሁ። አንድ ቀን ሄድፎኑን ነቅሎ ቡና ሊጠጣ ሄዶ ላፕቶፑ ባዶ ክፍል ውስጥ «ትሰማለህ?» አለ። ባለቤቱ ከማድ ቤት «እሰማለሁ!» ብላ መለሰች።

ስክሪፕቷን ጭኜ የጨረስኩ ቀን ጋሼ ሦስት ጊዜ ሞከራት። ሄድፎኑን ሰካ፣ ነቀለ፣ ሆን ብሎ ዝም አለ፣ ሰዓቱን በልቡ ቆጠረ። በ15ኛው ሰከንድ ድምፁ ሲመለስ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ በእጁ ጠረጴዛውን ዳሰሰና ሞኒተሩን አገኘው።

«ይሄንን ግን ይዘህልኝ ሂድ» አለኝ።

ሞኒተሩን ጭኔ ላይ አድርጌ ታክሲ ውስጥ ገባሁ። ረዳቱ አየኝና «ዕቃው ቦታ ይዟል፣ የሁለት ሰው ነው የምትከፍለው» አለኝ። ከፈልኩ።